ሳይቀልጥ የሚሞተው ፕላቲነም፦ አንድ ጥያቄና 33 መልሶች

የምሠራው ገላን ነው። ፌሮ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያዎች ጠጋኝ ነኝ። ቢሌቱ፣ ማለትም ፌሮ የሚሆነው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ወደ መዳመጫው ከመግባቱ በፊት የሚግልበት ምድጃ አለን፤ ውስጡ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ ደግሞ እንደ ዕለቱ ሁኔታ ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ይደርሳል። እንቅልፍ የሚነሳኝ ያ ቱቦ ነው።

እዚያ የምንተክለው ቴርሞካፕል፣ ማለትም በሽቦ የሚነበበው የሙቀት መለኪያ፣ አይበረክትም። ራሱ ቢተርፍ ሽቦው ይቃጠላል። ሽቦው ቢተርፍ ማገናኛው ይበላል። ባለፈው ሐምሌ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቀየርኩ። ሦስተኛውን ስቀይር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ቱቦው ደግሞ ፊት ይለበልባል። አሮጌውን ሽቦ ስስበው ልባሱ እጄ ላይ እንደ ዐመድ ረገፈ። ሽቦ አልባ መለኪያ መፈለግ የጀመርኩት ያን ሌሊት ነው።

አለ። የገጽ ላይ የድምፅ ሞገድ ሴንሰር ይባላል፤ ባለሙያዎቹ ባጭሩ ሶው ይሉታል። ትንሽ ክሪስታል ነው። ላዩ ላይ እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ ለጥርስ የተጠላለፉ የብረት ጣቶች አሉ። ከውጭ የሬዲዮ ምልክት ሲላክለት ጣቶቹ ክሪስታሉን ያንቀጠቅጡታል። ንቅናቄው በክሪስታሉ ቆዳ ላይ እንደ ሞገድ ሄዶ ይመለሳል፣ በአንቴናው በኩልም ይወጣል። ክሪስታሉ ሲሞቅ የሞገዱ ፍጥነት ስለሚቀየር ከዚያ ሙቀቱን ማንበብ ይቻላል። ባትሪም ሽቦም የለውም። እንዲህ ያለውን ሞገድ በሒሳብ ያሳየው እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌይ ነው፣ በ1885 እ.ኤ.አ.። የተጠላለፉትን ጣቶች ለዚህ ሥራ ያዋሉት ደግሞ ዋይት እና ቮልትመር ናቸው፤ በ1965 እ.ኤ.አ.፣ በርክሌይ።

ጥያቄዬን የለጠፍኩት የእኛው አካባቢ ሰዎች በሚወያዩበት መድረክ ላይ ነው። ከአቃቂ፣ ከቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቂሊንጦ፣ ከገላንና ከዱከም የሚጽፉ ቴክኒሻኖችና መሐንዲሶች አሉበት። መምህራንም አሉ። ያልኩት ይህን ነው። ፕላቲነም የሚቀልጠው በ1,768 ዲግሪ ነው። የእኔ ቱቦ 850 ነው። ስለዚህ ጣቶቹ ከንጹሕ ፕላቲነም ቢሠሩ ከበቂም በላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ሮዲየም፣ ዚርኮኒያ፣ ኢሪዲየም እያሉ ለምን እንደሚደክሙ አልገባኝም፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ። 33 መልስ መጣ። እንደ እኔ የመቅለጫ ሰንጠረዥ አይቶ ነገሩ ያለቀ የመሰለው ሌላ ሰው ይኖራል ብዬ ስለማምን ነው ሂደቱን ከነጭቅጭቁ የምተርከው።

1ኛው መልስ ከዱከም የመጣ ነው። ጸሐፊዋ መስታወት ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። በጣም በትሕትና ሰላምታ ሰጥታ፣ የሌሊት ፈረቃን ድካም እንደምታውቀው ጽፋ፣ ክሪስታሉ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኳርትዝ ከሆነ በ573 ዲግሪ ውስጣዊ አደረጃጀቱ እንደሚገለበጥና ከዚያ በኋላ መለኪያው እንደማይታመን አስታወሰች። ትክክል ነበረች። እኔ ስለ ጣቶቹ ብቻ ሳስብ ክሪስታሉን ረስቼው ነበር።

2ኛው ለእሷ የተሰጠ መልስ ነው። ለእንዲህ ያለ ሙቀት የሚመረጠው ላንጋሳይት የሚባል ክሪስታል መሆኑን ገለጸ። ከላንታነም፣ ከጋሊየም፣ ከሲሊኮንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። እስከሚቀልጥበት እስከ 1,470 ዲግሪ ገደማ አደረጃጀቱን አይቀይርም። ስለዚህ 850 ላይ ክሪስታሉ በሕይወት እንደሚኖርና ቀድሞ የሚሞተው ብረቱ እንደሆነ ጽፎ ወጣ። ለምን እንደሚሞት ግን አልነገረንም። 3ኛው እንደ እኔው አሳቢ ነበር። የመቅለጫ ነጥቡ ግማሽ እንኳን ያልደረሰ ብረት ይሞታል መባሉ አልዋጥ አለው።

4ኛው የውይይቱ ክር ልብ ነው። የጻፉት በአቃቂ ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማሩ እናት ናቸው። መድረኩ ላይ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። ቀመር አልጻፉም። ማድ ቤት ገብተን አንድ ነገር እንድንሞክር ነው የጠየቁን። በጎመን ዘር በደንብ የታሰሰ ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ስስ ውሃ ማለፍ፣ ከዚያ ቆሞ ማየት። ውሃው መጀመሪያ እንደ መስታወት ይዘረጋል። ወዲያው ቀዳዳ ያበጃል። ቀዳዳው ይሰፋል፣ ውሃው ወደ ዳር ይሸሻል፣ መጨረሻ ላይ ተቋጥሮ ጠብታ ጠብታ ይሆናል። አልፈላም፣ አልተነነም። ምጣዱን ማልበሱን ትቶ ራሱ ላይ መሰብሰብን ነው የመረጠው። ስስ ፕላቲነምም ክሪስታል ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው አሉ። ልዩነቱ ፕላቲነም ጠጣር ሆኖ ሳለ፣ አተሞቹ መራመድ የሚችሉበት ሙቀት ሲያገኙ በዝግታ ማድረጉ ነው።

ያን ማታ ሞከርኩት። ባለቤቴ ምጣዱን ምን ልትሆንበት ነው በሚል ዓይን አየችኝ። ስልኬን በመብራቱ አቅጣጫ ይዤ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የመጀመሪያዋ ቀዳዳ የተከፈተችው ምጣዱ መሐል፣ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ባለችበት ቦታ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ቀዳዳዎቹ ሲነካኩ በመካከላቸው የቀረው ውሃ እንደ ክር ቀጥኖ ተበጠሰ። ስስ ሽፋኑ ሲበጠስ ኤሌክትሪኩም አብሮ እንደሚበጠስ የገባኝ እዚያ ጎንበስ ብዬ ነው።

5ኛው ቁጥር አመጣ። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮ ሜትር ቢሆን፣ የእነዚህ ጣቶች ውፍረት 100 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። 700 ጊዜ ይቀጥናል። ስለዚህ ሰንጠረዡ ላይ ያለው የመቅለጫ ነጥብ የወፍራም ብረት ባሕርይ መሆኑን፣ ይህን ያህል የሳሳ ነገር አብዛኛው አካሉ ገጽ ስለሆነ በሌላ ሕግ እንደሚኖር አስረዳ።

6ኛው ቂሊንጦ አካባቢ የሚኖር የማቴሪያል ሳይንስ መምህር ነው። ከዚህ በኋላ ደጋግሞ ስለሚመጣ መምህሩ እለዋለሁ። በሙያው ሰዎች ዘንድ ያለ የግምት ሕግ አካፈለን። የብረቱን መቅለጫ በኬልቪን (ሴንቲግሬዱ ላይ 273 ሲደመር) ወስዶ ለሁለት መክፈል ነው። አተሞች በብዛት መንቀሳቀስ የሚጀምሩት እዚያ ገደማ ነው። ፕላቲነም 2,041 ኬልቪን ነው፤ ግማሹ ወደ ሴንቲግሬድ ሲመለስ 747 ዲግሪ ይሆናል። አሉሚኒየም በዚሁ ስሌት 193 ዲግሪ ላይ ነው፤ ስልካችን ውስጥ ላሉት የሬዲዮ ምልክት ለሚያጣሩ የሶው ፊልተሮች የሚሆነው ኪስ ውስጥ እሳት ስለሌለ ነው። ኢሪዲየም ወደ 1,086 ይወጣል። ስሌቱ ግምት እንጂ ድንበር አለመሆኑን፣ በጣም የሳሳ ሽፋን ከዚያም በታች ሊጀምር እንደሚችል አስጠነቀቀ። የእኔ ቱቦ 850 ነው። ከ747 ይበልጣል። ወረቀት ላይ ጻፍኩትና ለደቂቃዎች አየሁት።

7ኛው ታዲያ ለምን ቱንግስተን አይሆንም ሲል ጠየቀ። መቅለጫው 3,422 ዲግሪ ነው፤ ግማሹ ሲሰላ ከ1,500 በላይ ይሆናል። ጥያቄው ጥሩ ነበር። 8ኛው ልጅነቱን ሳሪስ ያሳለፈ ሰው ነው። ቤታቸው የነበረ የድሮ አምፖል መስታወቱ ተሰንጥቆ ሳለ ሲበራ ያየውን አወራን። ክሩ አንዴ ቦግ ብሎ ነጭ ጭስ አወጣ፤ የመስታወቱ ውስጥም ነጭ ዱቄት ለበሰ። ያ ዱቄት የቱንግስተን ኦክሳይድ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ ቱንግስተን ነው። አምፖል ውስጥ አየር የማይኖረው ለዚህ ነው። የእኛ ጭስ ቱቦ ደግሞ አየር አያጣም። እንዲህ ያለ መልስ እወዳለሁ፤ መጽሐፍ ያልጠቀሰ፣ ግን ነገሩን በዓይን የሚያሳይ።

9ኛው ሴንሰሩን አርጎን የሚባል ብረት የማያቃጥል ጋዝ ሞልቶ ማሸግን መከረ። 10ኛው ትንሽ ቆጣ አለ። በ850 ዲግሪ ለወራት የማያፈስ ማሸጊያ መሥራት ራሱን የቻለ ከባድ ሥራ እንደሆነና አንዱን ችግር በሌላ መቀየር መፍትሔ እንደማይባል ጻፈ።

11ኛው ጣቶቹን ማወፈር አሰበ፤ 100 ናኖ ሜትር ከተቋጠረ 1,000 ይሁን ባይ ነው። እኔም ልቤ ወደዚያ ሄዶ ነበር። 12ኛው በትዕግሥት አረመው። ፕላቲነም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 21.45 ግራም ይመዝናል፤ አሉሚኒየም 2.7 ነው። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። ሞገዱ የሚጓዘው በክሪስታሉ ቆዳ ላይ፣ በግምት የአንድ ሞገድ ርዝመት ያህል ጠልቆ ብቻ ነው። ላዩ ላይ ከባድ ነገር ሲጫንበት ይንገታገታል፣ ጉልበቱም ይባክናል። የፈረቃ ወረቀቴ ጀርባ ላይ አሰላሁት። ላንጋሳይት ላይ ሞገዱ በሰከንድ 2,700 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በ434 ሜጋ ኸርዝ ከሠራን የአንዱ ሞገድ ርዝመት 6.2 ማይክሮ ሜትር ነው። የአንዱ ጣት ስፋት የዚያ ሩብ፣ 1.55 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። በዚያ ላይ 1 ማይክሮ ሜትር ቁመት ያለው ፕላቲነም ማቆም ማለት በጠባብ አጥር ላይ ግንብ መደርደር ነው። ማወፈር በልክ ይረዳል፣ እስከመጨረሻው ግን አያወጣም።

13ኛው ላይ የክሩ አየር ተቀየረ። የጻፉት ከቃሊቲ፣ ቦይለርና ምድጃ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን። ተቆጥተዋል። ተራ ቴርሞካፕል ለማስገባት የውጭ ምንዛሪ ወረፋ በሚጠበቅበት አገር ስለ ኢሪዲየም ማውራት የጊዜ ብክነት እንደሆነ ጻፉ። ቴርሞካፕሉ በወር ሦስት ጊዜ የሚሞተው በመጥፎ አተካከል እንደሆነና ጠጋኙ ሥራውን ቢያውቅ ሌላ ጥያቄ እንደማይኖር ጨመሩ። ጠጋኙ እኔ ነኝ። ቃሉ አመመኝ።

14ኛው ለእኔ ተቆርቁሮ መለሰ፤ ግን ከልክ አለፈ። ጋሼን ዘመን ያለፈባቸው ሲል ጻፈ። ይህ አላስደሰተኝም። 15ኛውን ራሴ ጻፍኩ። ጋሼን ይቅርታ ጠየቅሁ። ያደረግኩትንም በዝርዝር አስቀመጥኩ፤ ሽፋኑ የብረት መሆኑን፣ ሽቦው ከቱቦው የሚወጣበት ቦታ ላይ ግለቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ የተነሳውን ፎቶም ጭምር። 16ኛው የጋሼ ነው። ድምፃቸው ለዝቧል። ፎቶውን አጉልተው አይተውታል። የብረቱን ሽፋን በአሉሚና ሴራሚክ እንድቀይር፣ ሽቦው ደግሞ በማዕድን ዱቄት የታሸገው ዓይነት እንዲሆን፣ ማገናኛውም ከቱቦው ግድግዳ ቢያንስ አንድ ክንድ እንዲርቅ መከሩኝ። አደረግኩት። የዚያን ጊዜ የተከልኩት እስከ ዛሬ አለ። ስለ ሶው ያለኝን ጉጉት አላበረደውም፤ ግን ምክሩ ምክር ነበር።

ከ17 እስከ 20 ያሉት ወደ ወለጋ ሄዱ። አንዱ ዩብዶን አነሳ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ ፕላቲነም የሚወጣበት ቦታ አገራችን ውስጥ እያለ ስለ ውድነት ማውራት እንደማይገባ ጻፈ። ሌላው አያቱ ከዚያ አካባቢ መሆናቸውንና በገበቴ አሸዋ ሲታጠብ በልጅነቱ ማየቱን ተረከ። ደስ የሚል ትረካ ነበር። ሦስተኛው ኢትዮጵያ የዚህ ሴንሰር ዋና አምራች እንድትሆን ተመኘ። አራተኛው ማዕድን ማውጣትና ስስ ሽፋን ማልበስ የሰማይና የምድር ያህል እንደሚራራቁ በደረቁ ነገረው። ለሽፋኑ እጅግ የነጠረ ፕላቲነም፣ የቫክዩም ክፍልና ጣቶቹን በማይክሮ ሜትር ልክ የሚቀርጽ ንጹሕ ክፍል ያስፈልጋል። እኔም ከአራተኛው ጋር ነኝ፤ ድምፁን ግን ትንሽ ቢያለሰልስ ጥሩ ነበር።

21ኛው ያቺ የመስታወት ፋብሪካዋ ልጅ ናት። የፕላቲነሙን ዋጋ ነገር በአንድ ስሌት ዘጋችው። 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 100 ናኖ ሜትር ፕላቲነም ቢለበስ ክብደቱ ወደ 0.21 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ግራም ከ4,600 ካሬ ሴንቲ ሜትር በላይ ይሸፍናል። በማልበስ ጊዜ የሚባክነው ብዙ ቢሆንም እንኳ፣ ውድ የሚያደርገው ብረቱ እንዳልሆነ አሳየች። ውዱ ነገር መሣሪያውና የሚያውቅ እጅ ነው።

22ኛው በማዕድኑ መንገድ ሄዶ ሳያስበው ወደ ርዕሱ መለሰን። ከወለጋ ይልቅ የጉጂውን ቀንጢቻ አነሳ፤ ታንታለም የሚወጣበትን። ታንታለም ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ግን አላወቀም ነበር። 23ኛው ላይ መምህሩ በደስታ ተቀበለው። ፕላቲነም ክሪስታል ላይ በቀጥታ አይጣበቅም። ኦክስጅንን የሚጠላ ብረት ኦክሳይድ የሆነ መሬት ላይ እግሩን አይተክልም። ስለዚህ ከሥሩ ሌላ ስስ ሽፋን እንደ ማጣበቂያ ይደረጋል። የተለመደው ቲታኒየም ነው። በክፍል ሙቀት ድንቅ ነው። ከፍ ባለ ሙቀት ግን ቲታኒየሙ በፕላቲነሙ ቅንጣቶች መካከል ባሉት ድንበሮች ሽቅብ ይሰርጋል፣ ላይ ደርሶ ኦክሳይድ ይሆናል፣ ፕላቲነሙንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ሥሩ ደግሞ ማጣበቂያ አልባ ይቀራል። ታንታለምና ዚርኮኒየም ከዚህ ይልቅ በቦታቸው የመቆየት ዝንባሌ ስላላቸው ለከፍተኛ ሙቀት ይመረጣሉ። 24ኛው ቤት ሲለሰን ምርጊቱ ከግድግዳው የሚለቀው ሥሩ ሲበላ እንደሆነ ጽፎ አጸደቀለት።

25ኛው የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አስታወሰ፤ ሮዲየምና ዚርኮኒያ ለምን? ለዚህ መልስ የሰጠው መምህሩ ነው፣ ግን እማማም ገብተውበታል፤ 26ኛውና 27ኛው ተያይዘው መነበብ አለባቸው። መምህሩ የጠቀሰው በአሜሪካ የሜይን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ነው። እዚያ ያሉት ተመራማሪዎች ፕላቲነምና ሮዲየምን ከዚርኮኒያ ጋር አብረው ላንጋሳይት ላይ አለበሱ። ዚርኮኒያ በዚህ ሙቀት አይቀልጥም፣ የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ስለሆነም ከዚህ በላይ አይቃጠልም። ጥቃቅን ፍሬዎቹ በፕላቲነሙ ቅንጣቶች መካከል ይሰገሰጋሉ። ቅንጣቶቹ ተዋህደው ማደግ ሲፈልጉ ፍሬዎቹ መንገድ ይዘጉባቸዋል። እንዲህ የተሠሩ ሴንሰሮች በ800 ዲግሪ ለወራት ሠርተዋል፤ ከዚያም ከፍ ባለ ሙቀት ተፈትነዋል። እማማ ደግሞ ጭቃ ቤትን አነሱ። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ሲገባበት ይያዛል። ጭዱ ከጭቃው ጠንካራ መሆን የለበትም፣ ጭቃው እንዳይሸሽ መያዝ ብቻ ነው ሥራው። ከዚህ ክር ይዤው የወጣሁት ነገር ይህ ነው። የእኔ ጥያቄ የትኛው ብረት አይቀልጥም የሚል ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ ግን አተሞቹን ባሉበት የሚይዛቸው ምንድን ነው የሚለው ነው።

28ኛው ስለ ጀርመኗ ድሬስደን ጻፈ። እዚያ የሚሞከረው የሩተኒየምና የአሉሚኒየም ውህድ ነው፣ አተም ለአተም እኩል። ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይቀልጣል። ይሁን እንጂ ሲግል ከላንጋሳይቱ ጋር ስለሚዋሃድ በመሐል ከለላ፣ በላይም መሸፈኛ ይፈልጋል። አጭር መልስ ነበር፤ ማንም አልተከተለውም። ሊከተሉት ይገባ ነበር።

29ኛው ኢሪዲየምን ይዞ መጣ። የእኛ አገር ከፍታ ስለሆነ፣ አየሩም ስስ ስለሆነ ኢሪዲየም እዚህ አይቃጠልም የሚል ሙግት ነው። 30ኛው አልማረውም። የአየራችን ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ መሆኑ እውነት ነው፤ የኦክስጅኑ ድርሻ ግን ያው 21 በመቶ ነው። ሩብ መቀነሱ ኢሪዲየምን አያድነውም። በአየር ውስጥ ሲግል ኦክሳይድ ይሆናል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ደግሞ ኦክሳይዱ ራሱ በጋዝ መልክ ይበራል። ፈረንሳይ ናንሲ ያሉት ተመራማሪዎች ኢሪዲየምን ሲፈትኑ ቫክዩም የተጠቀሙት ለዚህ እንደሆነ ጨመረ። መልሱ ትክክል ነው። መጨረሻ ላይ ከመጻፍ በፊት ማንበብ ይቅደም ማለቱ ግን አላስፈለገም። ሰው የሚማረው ጠይቆ ነው።

31ኛው ጋሼ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ስል ነቀፋም የእሳቸው ነው። ሁላችሁም ስለ ጣት ስታወሩ አንቴናውን ረሳችሁት አይነት ነገር ጻፉ። ቱቦው ብረት ነው። የሬዲዮ ምልክት ብረት አያልፍም። ሴንሰሩ 1,000 ዲግሪ ቢችልም የሚያናግረው ከሌለ ድንጋይ ነው። ቃል አጣሁ። ቱቦውን በየሳምንቱ እየነካሁት ይህን አላሰብኩም። ቆይቼ ግን በምድጃው በኩል አሮጌ የማያ ቀዳዳ እንዳለ አስታወስኩ፤ ዛሬ በሸክላ ጡብ ተደፍኗል። ሸክላ ጡብ ደረቅ ከሆነ ምልክት ያሳልፋል። 32ኛው ላይ ይህንኑ ከነልኩ ጻፍኩ። ጋሼ አውራ ጣት አደረጉበት፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በእሳቸው ዘንድ ያ ብዙ ነው።

በመካከል የሥራ ማስታወቂያ የጠየቀም፣ ከቱሉ ዲምቱ ቂሊንጦ የሚሄደው ታክሲ ለምን እንደጠፋ ያማረረም አለ። ቁጥር ሳይሰጣቸው በአስተያየት ውስጥ ስላለፉ እኔም አልፌአቸዋለሁ።

33ኛው የመምህሩ ነው፤ ሦስት ፎቶ አለው። ውጭ አገር ሲማር የተረፉት የሲሊኮን ቁራጮች አሉት፤ በቲታኒየም ላይ ፕላቲነም የለበሱ፣ የጣት ጥፍር የሚያክሉ። አንዱን ሸክላ በሚተኮስበት የቤተ ሙከራ ምድጃ ውስጥ በ700 ዲግሪ አሳደረው። ሌላውን በ900። በመጀመሪያው ፎቶ ያልሞቀው ቁራጭ ላይ የመስኮቱ ፍሬም ጥርት ብሎ ይታያል፤ መስታወት ነው። በሁለተኛው ላይ ፍሬሙ ትንፋሽ እንዳረፈበት መነጽር ደብዝዟል፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን የሚለካው መልቲሜትር ግን አሁንም ያነባል፣ ከበፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ። ሦስተኛው ግራጫ ነው። የመስኮቱ ምስል የለም። በማይክሮስኮፕ ያነሳው ደሴት ደሴት ሆኖ የተቆራረጠ ነገር ነው፤ በመካከላቸው ባዶ ሲሊኮን። መልቲሜትሩ ምንም አያነብም። ምጣዱ ላይ ያየሁት ያው ነበር፣ ደርቆ የቀረ።

ፎቶውን እስከ መጨረሻው አጉልቼ አየሁት። ከ1,768 ዲግሪ ግማሽ ትንሽ በለጥ ባለ ሙቀት፣ በአንድ ሌሊት። አንዲትም የቀለጠች ነገር የለችም።

መምህሩ ሁለት ቁራጭ ቀርተውታል። አንዱን በአሉሚና ሸፍኖ ሊሞክር አስቧል፤ ከላይ የተጫነበት ፕላቲነም እንደ ልቡ መቋጠር ይከብደዋል። ያለበት ስጋት የምድጃው ማሳያ የሚናገረውን ሙቀት አለማመኑ ነው፤ 900 ያለው 860 ሊሆን ይችላል፣ 940ም ሊሆን ይችላል። ቅዳሜ ፈረቃ የለኝም። ጋሼ ባስተማሩኝ መንገድ የተከልኩትን ዓይነት አዲስ ቴርሞካፕልና መለኪያዬን ይዤ ቂሊንጦ እሄዳለሁ። እማማም እንደሚመጡ ጽፈዋል፤ ቁራጩን በእጃቸው ይዘው ማየት ፈልገዋል።